ከተከዜ ማዶ የታሰረች በቅሎ

ከበለሳ፣ ጥቅምት ፳ ቀን ፲፰፻፶፫ ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ማቴዎስ

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለፈንታነሽና ለባሏ ለሙላቴ።

ይህች ብራና ከበለሳ ቆላ ተነሥታ ጉና ሥር እስክትደርስ ድረስ ሰላምታዬ አይቀዝቅዝባችሁ። መድኃኔዓለም ገብሳችሁን ከውርጭ፣ ከብታችሁን ከጅብ ይሰውርላችሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ያመኛል እንጂ እስካሁን አልከዳኝም።

ከቤት ስወጣ «በዚህ ዕድሜ ብቻዎን አክሱም ድረስ!» እያልሽ ስላለቀስሽ የመንገዱን ውሎ በየተራው ልጽፍልሽ ቃል ገብቻለሁ። አርባ ዓመት ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የሰው ልጅ ሳስተምር መንገድን የማውቀው ከተማሪዎቼ አፍ ነበር። አሁን የማስተማር ወንበሩን ለደቀ መዝሙሬ ለወርቁ ሰጥቼ ራሴ እያየሁት ነው።

ጎሕ ሲቀድ እነሣለሁ። ዳዊቴን ደግሜ ወደ በቅሎዋ እሄዳለሁ። ኮርቻ ከመጫኔ በፊት ጀርባዋን ከጫንቃዋ እስከ ወገቧ በእጄ እዳስሳለሁ፤ የሚሞቅ ቦታ ካገኘሁ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ጨርቅ አጥፌ እዚያ ላይ እንዳይጫናት አደርጋለሁ። ገጣባ በአንድ ቀን አይወጣም። መጀመሪያ ሙቀት ነው፣ ቀጥሎ እብጠት፣ በመጨረሻ ቁስል። በሙቀቱ የነቃ በበቅሎ ይደርሳል፤ ቁስሉን የጠበቀ በእግሩ ይሄዳል። ዳገቱን ተቀምጬ እወጣለሁ፤ ቁልቁለት ሲሆን ወርጄ እመራታለሁ። ጉልበቴ ይህን ሥርዓት አይወደውም፣ በቅሎዋ ትወደዋለች። የሁለቱን ፈቃድ መፈጸም ስለማይቻል የእሷን መርጫለሁ።

ፀሐይ ከአናት ስትወጣ ጥላ ፈልጌ በሶዬን በጨው በጥብጬ እጠጣለሁ፤ እሷም ትግጣለች። ጥላዬ ከቁመቴ ሲረዝም መንደር እፈልጋለሁ። ከእብናት ጀምሮ ካሳሁን የሚባል ነጋዴ አብሮኝ ነው፤ አህዮቹን እህል ጭኖ ከተከዜ ማዶ ጨው ሊያመጣ ይወርዳል። ትናንት ማታ ከአንድ አጥር ውጭ ቆመን «የመሸብን እንግዶች ነን፤ ስለ እግዚአብሔር አሳድሩን» አልን። አንዲት ባልቴት ብቅ አለች።

«ወታደር ነህ?» አለችኝ።

«መምህር ነኝ።»

«ወታደር ዶሮዬን ይጨርሳል፣ መምህር ምክሩን አይጨርስም። ይኼኛውስ?»

«ነጋዴ ነኝ እማማ» አለ ካሳሁን።

«አንተ ደግሞ ትዋሻለህ። ግቡ፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው።»

እግራችንን አጠበችን። ጉልበቴን ስታይ ግን ውኃውን ይዛ ቆመችና «አባቴ፣ ይህ ጉልበት ለአንድ መንገድ ይበቃል፤ ለመሄድና ለመመለስ አይበቃም» አለችኝ። ካሳሁን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ወስፌዬን ረስቼ ወጥቻለሁ፤ ከጥቂት ጠፍር ጋር ለሚመጣ ነጋዴ ስጭልኝ፤ የኮርቻው ማሰሪያ መላላት ጀምሯል። በሬዬ ወይኖ ከሙላቴ ዳልቻ ጋር እንደተቀናጀ ይቆይ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ቤቶች ተቀናጅተው ካላረሱ ሁለቱም ጾም አዳሪ ናቸው። ለፋሲካ ከቤቴ ነኝ።

አጎትሽ ገብረመድኅን

*

ከደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፳፭ ቀን

ለአጎቴ፣ ለአባቴም ምትክ ለሆኑት ለየኔታ ገብረመድኅን ይድረስ።

የረገጡት ድንጋይ ሁሉ ይለዝብልዎ፤ የሚጠጡት ውኃ በሽታ አይሁንብዎ። እኔም ሙላቴም ደኅና ነን። ይህን የሚጽፈው መሪጌታ ወርቁ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፤ ሲበዛበት ደግሞ ይቆርጥብኛል። «ይህም ይጻፍ?» ይለኛል። «ጻፍ! የኔታ ሁሉን በየተራው ነው የሚወዱት» እለዋለሁ።

ወስፌውንና ጠፍሩን ልኬአለሁ። የባልቴቷን ነገር ሰምቼ አልሳቅሁም። እግር የምታጥብ ሴት ጉልበት ታውቃለች።

ወይኖ ደኅና ነው፤ ከእርስዎ ወዲህ ግን ሙላቴን ይንቀዋል። ትልሙ መጨረሻ ላይ ሳይታዘዝ ይዞራል። ጎረቤታችን ጌጡ ለውቂያ ሊወስደው መጥቶ ነበር። «ባለቤቱ የሌለ በሬ ለምን ቆሞ ይውላል?» አለኝ። «ባለቤቱ አክሱም ጽዮን ነው፤ ሄደህ አስፈቅድ» አልኩት። እስካሁን ከእኔ ጋር አይነጋገርም፤ ዕረፍት አግኝቻለሁ።

ተማሪዎቹ ወርቁን ይፈሩታል። (ይህን ሊጽፍ አልወደደም፤ ግን እውነት ነው።) ለፋሲካ በግ አስቤልዎታለሁ፤ ከጉና የመጣ ነው፣ ጠጉሩ እንደ ምንጣፍ ነው።

የእርስዎ ፈንታነሽ

*

ከተከዜ ማዶ፣ ጥር ፰ ቀን

ይድረስ ለልጄ ለፈንታነሽ።

ይህን ስታስነብቢ ቤትሽ ሙሉ፣ ምድጃሽ ሙቅ ይሁን። ለሙላቴ፣ ለወርቁ፣ ለደጀ ሰላሙ ሰዎች ሁሉ እጅ ነሥቻለሁ።

ተከዜን የተሻገርነው በኅዳር መባቻ ነው። ውኃው ከጭን አያልፍም ነበር፤ በቅሎዋ ግን ከዳር ቆማ እምቢ አለች። ካሳሁን ከኋላ ገፋ፣ እኔ ከፊት ሳብሁ።

«የኔታ፣ እስቲ ድጓ ይበሉላት፤ ምናልባት ትሰማ ይሆናል» አለኝ።

«አርባ ዓመት ድጓ ያልኩላቸው ሰዎች አልሰሙኝም፤ በቅሎ ትሰማኛለች?»

በመጨረሻ ልጓሙን ለቅቄ ብቻዬን ገባሁ። ከመሐል ደርሼ ዘወር ስል ከኋላዬ ነበረች። እንስሳን በጉልበት ከመሳብ ቀድሞ መግባት እንደሚሻል እንዲጽፈው ለወርቁ ንገሪው፤ ለተማሪም ይሠራል።

ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ድንጋያማ ነው። ውኃ ከጉድጓድ ስለሚቀዳ በቅሎዋን ለማጠጣት ከሴቶቹ ጋር ተራ መያዝ አለ። እኔም ተራዬን እይዝ ነበር፤ አንዳንዷ «ሽማግሌው ይቅደም» ስትል ሌላዋ «በቅሎዋ እንደ ሽማግሌው አልደከመችም፤ ትጠብቅ» ትላለች። አክሱም የደረስኩት በጽዮን ዋዜማ ነው። ተሳልሜ፣ ሁላችሁንም በስማችሁ አንሥቼአለሁ።

ስመለስ ጉልበቴ አበጠ። ካሳሁን ሥራው አስቸኩሎት ሄደ። እኔ ተከዜን ሳልሻገር ከወንዙ ዳር ካለ አንድ ትንሽ ገዳም አርፌአለሁ። አበ ምኔቱ ዓይናቸው የደከመ፣ አንደበታቸው ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። ደቀ መዛሙርቱ ድጓውን ሲያዜሙ አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይስታሉ። ዝም ማለት አልቻልኩም፤ አስተካከልኩላቸው። አሁን በየዕለቱ ይመጣሉ። እዚህ ስፍራ ጠዋት ጠዋት ከወንዙ ጭጋግ ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላ ከንብ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

ከሣጥኔ ውስጥ ያልለበስኩት አዲስ ነጭ ኩታ አለ። እሱን ላኪልኝ።

ገብረመድኅን

*

ከደብረ ታቦር፣ የካቲት ፳ ቀን

ለአጎቴ ለየኔታ ገብረመድኅን ይድረስ፤ ጉልበትዎን እመቤታችን በእጇ ትዳስስልዎ።

ኩታውን በካሳሁን ልኬአለሁ፤ ስጠቀልለው ግን እጄ ዘገየ። «መንገደኛ አዲስ ነጭ አይልበስ፤ አቧራ ይጨርሰዋል፣ ሽፍታ ያየዋል» ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ታዲያ ምን ሊያደርጉበት ነው?

ሌላም አለ። በመጀመሪያው ደብዳቤ «ለፋሲካ ከቤቴ ነኝ» ብለው ነበር። በዚህኛው አላገኘሁትም። ወርቁን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። «ዘለህ ይሆናል» አልኩት። «እትዬ ፈንታነሽ፣ የኔታ ያስተማሩት ሰው መስመር አይዘልም» ብሎ ተቆጣኝ።

በጉ አድጓል። የሚመጡበትን ወር ብቻ ይጻፉልኝ፤ ቀኑን አልጠይቅም።

ፈንታነሽ

*

ከተከዜ ማዶ፣ መጋቢት ፳ ቀን

ይድረስ ለፈንታነሽ። ጾሙን ያስፈጽማችሁ፤ ትንሣኤውን በጤና ያሳያችሁ።

ኩታው ደርሶኛል። ጉልበቴ አንድ ቀን ይሻለዋል፣ አንድ ቀን ይብስበታል። በቅሎዋ ወፍራለች፤ ከገዳሙ አጥር ውጭ ከወይራ ሥር አስሬአታለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ውኃ አጠጣታለሁ። ለወርቁ ወንበሩ የሱ ነው፣ እንደ አደራ ጠባቂ ሳይሆን እንደ ባለቤት ይቀመጥበት በይው።

በጉን እናንተ ብሉት። ከእንግዲህ ምንም አትላኪልኝ።

ገብረመድኅን

*

ከደብረ ታቦር፣ ግንቦት ፮ ቀን

ከተከዜ ማዶ ላለው ገዳም አበ ምኔት ይድረስ። በረከትዎ ይድረሰኝ እያልኩ ከሩቅ እግርዎን እስማለሁ።

የየኔታ ገብረመድኅን የእኅት ልጅ ፈንታነሽ ነኝ። ነጋዴው ካሳሁን ባለፈው ሳምንት መጥቶ አህዮቹን ሳያራግፍ ከደጃችን ቆመ። ነጋዴ ደርሶ ጭነት ካላራገፈ ክፉ ነገር ይዟል።

«ግባ እንጂ» አልኩት።

«ፈንታነሽ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቂ» አለኝ።

ሙላቴ ቀድሞኝ ደረሰ። «በዓይንህ አይተሃል?»

«መጋቢት ሠላሳ፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሜ ነበር። በዚያ ባመጣሁላቸው ነጭ ኩታ ተሸፍነው ተኝተዋል። መነኮሳቱ ግንዘት ሲያነቡላቸው በጆሮዬ ሰማሁ፤ ስማቸውንም ጠሩ። ጓደኞቼ ጭነው ይጠብቁኝ ስለነበር አልቅሼ ወጣሁ። ከዚህ በላይ ምን ልይ?»

«በቅሎዋስ?»

«ከአጥር ውጭ ታስራ ትግጣለች። ሳያት ይብስ አለቀስኩ።»

አባቴ፣ በቅሎዋ ለገዳሙ ትሁን። እኔ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። መቃብሩ በየትኛው ወገን እንደሆነ ያስጽፉልኝ። ከአፈሩም ጥቂት በካሳሁን ይላኩልኝ።

ወሬው ስለዘገየ አርባው ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶታል፤ ለድግሱ አንደርስም። ሰማንያው ደግሞ ከሰኔ ጾም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ካህናቱ ተዝካሩ ከጰራቅሊጦስ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ሰኔ ፲፮ እንዲሆን ቆርጠዋል። ወይኖ የሚባለው በሬያቸው ይታረዳል። «የሟች በሬ ለሟች ነፍስ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» ይላሉ ሰዎቹ። ትናንት ሙላቴ ባዶውን ቀንበር አንሥቶ በአንድ ጫፉ ሲመዝነው አየሁት። ዳልቻ ብቻውን አያርስም። ገብሱ በሰኔ ካልተዘራ የሚቀጥለው ዓመት እንዴት እንደሚያልፍ አላውቅም። ይህን የምጽፍልዎ ነፍሳቸውን ቅር እንዳይላት ጸልዩልኝ ለማለት ነው። ሳላርድ አልቀርም።

ፈንታነሽ

*

ከተከዜ ማዶ፣ ሰኔ ፩ ቀን

ይድረስ ለልጄ ለፈንታነሽ። ነጠላሽን መልሺ። ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ካሳሁን ትናንት ደብዳቤሽን ለአበ ምኔቱ ይዞ መጣ። እሳቸው ዓይናቸው ስለደከመ «ያ መምህር መጥቶ ያንብብልኝ» ብለው አስጠሩኝ። በበሩ ስገባ ካሳሁን ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ።

«በስመ አብ! የኔታ፣ በቅጡ ስላላለቀስኩልዎ ነው የመጡብኝ?»

አበ ምኔቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አትፍራ ልጄ። ሞቷል፤ አልዋሸህም። ግን አሁንም በሶ ይጠጣል።»

ከዚያም ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩ። መቃብሬ የት እንደሆነ እስከጠየቅሽው ድረስ ድምፄ ደኅና ነበር። የባዶው ቀንበር ቦታ ላይ ስደርስ አልቻልኩም፤ ካሳሁን ውኃ አቀበለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲመነኩስ ለዓለም ሞቷልና እንደ ሬሳ ተሸፍኖ ይተኛል፤ ግንዘትም ይነበብለታል። ሲፈጸም ይነሣል። ካሳሁን የሰማው ትክክል ነው፤ እስክነሣ ብቻ አልጠበቀም። አሁን ስሜ አባ ተክለ ጽዮን ነው።

ይህን ከእኔ እንጂ ከነጋዴ መስማት አልነበረብሽም። በመጋቢት ልጽፈው ተቀምጬ ስለ በቅሎዋ ጻፍኩ። ቆርጬ ስላልጨረስኩ ነው። ግንዘቱ ከተነበበልኝ በኋላ እንኳ በየጠዋቱ ከአጥር ወጥቼ ጀርባዋን እዳስስ ነበር፤ ኮርቻውንም ከፀሐይ አውጥቼ ቅቤ እቀባው ነበር። አንድ ቀን አበ ምኔቱ በትራቸውን እየጠቆሙ «የሞተ ሰው በቅሎ የት ሊሄድባት ነው?» አሉኝ። ኮርቻውን መቀባቴን ቀጠልኩ። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁም።

ዛሬ ከሰሜን ተራሮች በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ተከዜ መሙላት ሊጀምር ነው። ካሳሁን ከአህዮቹ ጋር ከተጓዘ ከቅዳሜው በፊት አይደርስም፤ በሬው ይታረዳል፤ እናንተም በእኔ ሞት ትራባላችሁ። ስለዚህ አህዮቹን እዚህ ትቶ በበቅሎዋ ይመጣል። እሷንም ለራሱ ሰጥቼዋለሁ። ሦስት ነገር ብቻ አዝዤዋለሁ፤ ጀርባዋን ሳይዳስስ እንዳይጭን፣ ቁልቁለት ላይ እንዲወርድላት፣ ወይኖ ሳይታረድ እንዲደርስ። ሦስተኛውን ከፈጸመ ሁለቱን እምርለታለሁ።

ወይኖ የአንቺና የሙላቴ ነው። ይህ ቃሌ በካህናቱ ፊት ይነበብ። እኔ በዚህ ጉልበት ያለ በቅሎ ተከዜን አልሻገርም። ይህን አውቄ ነው የሰጠኋት፤ ማንም «ካሳሁን አታለላቸው» እንዳይልሽ፣ አንቺም እንዳትወቅሽው።

አባ ተክለ ጽዮን

*

ከደብረ ታቦር፣ ሰኔ ፳፬ ቀን

ለአባ ተክለ ጽዮን ይድረስ። (እንዲህ ያስባለኝ ወርቁ ነው፤ ለእኔ አጎቴ ነዎት።)

ካሳሁን ዓርብ ሲመሽ ደረሰ። በቅሎዋ አረፋ ለብሳ ነበር። ወይኖ ከግራሩ ሥር ታስሯል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ጌጡም ቆዳ ሊገፍ ቢላዋውን ስሎ ከበሩ ተቀምጧል።

«አትረዱ! አልሞቱም!» እያለ ገባ።

«ሞቱ ያልከን አንተ ነህ እኮ!» አለው ሙላቴ።

«ሞተዋል፤ ግን አልሞቱም።»

«ይህ ሰውዬ እብናት ላይ ጠጅ ቤት ገብቶ ነው የመጣው» አለ ጌጡ።

ወርቁ ደብዳቤውን በቄስ ሞላ ፊት ጮኾ አነበበ።  ሲጨርስ ጌጡ ተነሣ። «እንግዲህ ለዓለም ከሞቱ በሬውም የሚግጠው በዓለም ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ ሰው ተጠርቷል። ይታረድ!»

«ጌጡ፣ ሞተ የምትለው ሰውዬ ከተከዜ ማዶ በቅሎውን ሰጥቶ የጎረቤትህን በሬ አዳነ» አልኩት። «አንተ በሕይወት አለህ። ያመጣኸው ቢላዋ ብቻ ነው።»

ሄጄ ገመዱን ራሴ ፈታሁ። ማንም አልከለከለኝም። ቄስ ሞላም «ሰው በቁሙ ተዝካሩን ቢያወጣ የቆየ ሥርዓት ነው» ብለው በማግሥቱ ጠላውን ባረኩ። ሰዉ የባቄላ ንፍሮ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ሊል አፉን ከፍቶ የቱን እንደሚል እየጠፋው «ዕድሜ ይስጣቸው» ብሎ ተበተነ። ጌጡ ከሁሉ በላይ ጠጣ።

ገብሱ ተዘርቷል። ወይኖ አሁንም ሳይታዘዝ ይዞራል፤ ሙላቴ ግን አይመታውም።

አጎቴ፣ አልተቆጣሁም ብዬ ወርቁን አላስዋሸውም። ግንቦትን ሙሉ ያለቀስኩት ልቅሶ ለማን እንደሆነ ቸግሮኛል። ጠዋት ስነሣ ያለቀስኩለትና የተቆጣሁት ሰው አንድ ሆኖ አገኘዋለሁ። ደስታዬም ከዚያው ጋር ተደባልቋል፤ ለይቼ ልጽፍልዎ አልቻልኩም።

ካሳሁን በቅሎዋን ሊሰጠኝ መጣ። «የየኔታ ቃል ነው፤ አልወስድም» አልኩት። «እንግዲያው አህዮቼን ላመጣ ስወርድ ስንቅሽን ትጫንልሽ» አለኝ። ወዴት እንደምሄድ ሳልነግረው ነው የገባው።

ተከዜ ሞልቷልና አሁን የሚሻገር የለም። ይህን ደብዳቤ ለማንም አልሰጥም። ከመስቀል ማግሥት ውኃው ሲጎድል ራሴ ይዤው እመጣለሁ፤ ሙላቴም ሂጂ ብሎኛል። ሴት ከአጥሩ እንደማታልፍ ካሳሁን ነግሮኛል። ከውጭ እቀመጣለሁ። እኔ ማንበብ አላውቅም፤ ወጥተው ያንብቡልኝ።

ፈንታነሽ